ጉዳዩ፦ ስለ ኦምኒበሱ

የትንሿ ልጄ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ፌርማታ ከቤታችን በኩል ተነስቶ ከትልቁ መንገድ ማዶ ሲዛወር የጠየቀን ሰው አልነበረም። አንዲት ወረቀት በቦርሳዋ ውስጥ ከምሳ ዕቃዋ ሥር ተጣጥፋ መጣች። ሙዝ ነክቷት ስለነበር ልጥላት ስል ትልቋ ልጄ ተቀብላ አነበበችልኝ። ከሰኞ ጀምሮ ልጆቹ የሚወርዱት ማዶ ነው ይላል። ለምን እንደሆነ አይልም። ስለ ትዕግሥታችን ግን ያመሰግናል።

እኔ ትዕግሥት እንዳለኝ ማን ነገራቸው?

ካልጋሪ ከተማ ኤሪን ውድስ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ስንኖር ሰባት ዓመታችን ነው። መንገዱን አውቀዋለሁ። በክረምት መንገድ ጠራጊው መኪና በረዶውን ወደ ዳር እየገፋ ይከምረዋል፤ ክምሩ ከስምንት ዓመት ልጅ ቁመት ይበልጣል። ከክምሩ ኋላ የቆመችን ልጅ የሚነዳው ሰው አያያትም፣ እሷም አታየውም። ጠዋት ትልቋ ልጄ ወደ ኮሌጅ ስትሄድ ይዛ ታሻግራታለች። ችግሩ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ዳቦ ፋብሪካ ነው የምሠራው፤ ሽፍቴ ዘጠኝ ሰዓት ያልቃል። ትንሿን አውቶቡሷ ዘጠኝ ተኩል ላይ ያወርዳታል። የእኔ አውቶቡስ በሰዓቱ ከመጣ ቀድሜያት እደርሳለሁ። በሰዓቱ የመጣበትን ቀን ግን በጣቴ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ። ባለቤቴ ረጅም መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል፣ በወር ግማሹን ቤት የለም። ጎረቤቴን ሁለት ጊዜ ለምኜ ነበር፤ እሷም ሠራተኛ ናት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ፊቷን ማየት አፈርኩ። ልጄን "እኔ እስክመጣ እዚያው ቁሚ" ብዬአት ነበር። በዚያ ብርድ ማን ይቆማል?

እንግዲህ እኔ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። በሥራ ቦታ የሚያስፈልገኝን እንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ ደብዳቤ ግን አልጽፍም። እናም የሠራሁት ስህተት ምን መሰላችሁ? ረቡዕ ማታ በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ጸሎት ላይ ነገሩን የጸሎት ርዕስ አድርጌ ሰጠሁት። "የልጄ ፌርማታ እንዲመለስ ጸልዩልኝ፣ ለትምህርት ቤት አውቶቡስ ቢሮውም የሚጻፍ ነገር አለ" አልኩ። አንድ ነገር የጸሎት ርዕስ ሆነ ማለት ከእጅ ወጣ ማለት ነው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ የምናከብራቸው ሽማግሌ ጠሩኝና "ማመልከቻውን እኔ እጽፍልሻለሁ፣ ቅዳሜ ነይ" አሉኝ።

ጋሼ ነው የምንላቸው ሁላችንም። ሰማንያን አልፈዋል። አገር ቤት ሳሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲጽፉ ኖረዋል፤ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም። አሁን ራንድል በሚባለው ሰፈር ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። እሳቸው ልጻፍልሽ ካሉ እምቢ አይባልም። አመሰገንኩና ቅዳሜ በሁለት አውቶቡስ ሄድኩ።

ጠረጴዛው ላይ ከአገር ቤት ተሸክመው ያመጡት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበር። ጀርባው ተላጥቶ በፕላስተር ተለጥፏል። ይህ መዝገበ ቃላት አንድ ቃል ዛሬ ምን ማለት እንደሆነ ብቻ ተናግሮ አያቆምም፤ ከመቶና ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ ከዚያም በፊት፣ ምን ማለት እንደነበረ ሁሉ ይዘረዝራል። ጋሼ የሚወዱት ያንን ክፍል ነው። የዛሬውን ትርጉም ልጆችም ያውቁታል ይላሉ።

እኔ ሐሳቤ ሠላሳ ደቂቃ ተቀምጬ፣ ደብዳቤውን ተቀብዬ፣ መንገዴን ገበያ ገብቼ ወደ ቤቴ ልመለስ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ብዕራቸውን ሞከሩ፣ "ጉዳዩ" ብለው ጻፉና ቆሙ።

"ባስ ብለን አንጽፍም" አሉ። "ባስ ጅራት ነው። የቃሉ ሙሉ አካል ኦምኒበስ ነው። በላቲን ለሁሉም ማለት ነው። ሰዎቹ ሰነፉና ጭንቅላቱን ቆርጠው ጥለው ጅራቱን ይጠሩታል። እኛ ለመሥሪያ ቤት ጅራት አንልክም።"

ጉዳዩ፦ ስለ ኦምኒበሱ ተባለ። "ፌርማታውን ስለ መመለስ አይሻልም ጋሼ?" ብዬ ነበር፣ በፍርሃት። ገና ሰላም ሳይባባሉ እጅ መዘርጋት ነውር ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ወደ ሰላምታው ገባን። የቢሮውን ኃላፊ በምን እንጥራው የሚለው ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ። እንግሊዞች ድሮ እንደኛ አንተ የሚሉበትና አንቱ የሚሉበት ሁለት ቃል ነበራቸው አሉኝ። ዛው ሲሉ አንተ ወይም አንቺ ነው፤ ዩ ሲሉ ደግሞ እናንተ ወይም አንቱ። ኋላ ዛውን ጣሉትና ለሁሉም ሰው ዩ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ አገሩ በሙሉ የሚነጋገረው በአንቱታ ነው።

"ውሻቸውንም?" አልኩ።

"ውሻቸውንም።"

ፋብሪካ ውስጥ ያለችው አለቃችን ከማሽኑ በላይ እየጮኸች "ዩ፣ ፈጠን በይ" ስትለኝ ለካ አንቱ እያለችኝ ነው የኖረችው። ይህን ሳስብ ሳቄ መጣ፤ ሰዓቴን ሳይ ግን ሳቄ ጠፋ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ጉዳዩ የሚለውና ሰላምታው ነበር ያለቀው። "የተቀረውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ" አሉኝ፣ ሻይ እየቀዱልኝ። ልጄ በመካከሉ አምስት ቀን መንገድ ታቋርጣለች። ይህ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩትና፣ "እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ" ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ረቡዕ የእኔ አውቶቡስ አራት ደቂቃ ዘገየ። ከመስኮቱ ሆኜ የልጄን ቢጫ አውቶቡስ ማዶ ላይ አየሁት፤ አውርዷት ሲሄድም አየሁት። ከበረዶው ክምር መሃል ወጣች። መጀመሪያ ኮፍያዋ ብቻ ነበር የታየኝ። እንዳስተማርኳት እጇን ከፍ አድርጋ እግሯን አነሳች፤ አንድ ግራጫ ፒክአፕ ፍሬን ይዞ በግግሩ ላይ ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተና አፍንጫው ከማቋረጫው መስመር አልፎ ቆመ። ከእሷ እስከ መኪናው ያለውን ርቀት እኔ የምነግራችሁ አንድ ክንድ ነው። ትልቋ ልጄ አጋንነሻል ትለኛለች። እሷ አላየችም።

ወርጄ እየሮጥኩ ደርሼ እጇን ያዝኩ። ትንሿ ግን ደስ ብሏታል። ሰውዬው እጁን አወዛወዘልኝ አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህንን ለጋሼ ነገርኳቸው። በጣም አዘኑ፣ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው "የኔ ልጅ" አሉ። አሁንማ ይፈጥናሉ ብዬ ወንበሬን አስጠጋሁ። ጋሼ ግን ካሁን በኋላ ይበልጥ መጠንቀቅ አለብን አሉ፤ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ ቀላል ቃል አይሸከመውም።

ሹፌሩ መልካም ሰው መሆኑን ንገሪኝ ብለውኝ ነበር። ናይስ ነው አልኩ። መጽሐፉን ገለጡ። ናይስ ድሮ አላዋቂ፣ ሞኝ ማለት ነበር፤ ሰውዬውን አንሰድበውም። ድራይቨር የሚለውንም አልወደዱትም፤ መጀመሪያ ከብት ለሚነዳ ሰው የወጣ ስም ነው። ለባለቤቴ በስልክ ስነግረው "ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ?" ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። እነዚህ ሁለት ቃላት ስለተጣሉ በቦታቸው ስለ ሹፌሩ ትጋት፣ ስለ ጨዋነቱና ስለ ቢሮው አስተዋይነት ሙሉ አንቀጽ ተጻፈ። ቀጥሎ እንዲህ ያለ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስለ ደፈርኩ ይቅርታ የሚጠይቅ ሌላ አንቀጽ ገባ።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ለመንኳቸው። "ነዝናዛ ናት እንዳይሉኝ፣ ጠንቃቃ እናት ናት ብለው ያስገቡልኝ።" እንግሊዝኛውን አውቀዋለሁ፤ ኬርፉል ነው፤ ፋብሪካው ግድግዳ ላይ ሁሉ ተጽፏል። ጋሼ ይህንንም ሳይፈትሹ አላለፉም። ጣታቸው በገጹ ላይ ወረደችና ቆመች።

"ድሮ ጠንቃቃ ማለት አልነበረም" አሉ ቀስ ብለው። "ጭንቀት የሞላበት፣ ያዘነ ማለት ነበር። ኬር ጭንቀት ነው፤ ፉል የሞላበት።" ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "ላንቺስ የድሮው ነው የሚስማማሽ።"

በዚያ ሁሉ ሰዓት ልቤ የሰማው ቃል ያ ብቻ ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ዞር አልኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። ቃሉ ቢያምር ባያምር ልጄን እጇን ይዞ አያሻግራትም።

ቤት ውስጥ ደግሞ ትልቋ ልጄ አለች። እዚሁ ካልጋሪ የተወለደች ናት፤ ነገር ሁሉ ይቀላታል።

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ፣ ኢሜል ላድርግላቸው። ቱ ሚኒትስ ነው።"

"ጋሼ እየጻፉ ነው።"

"ጋሼ እየጻፉ አይደለም፣ ሂስትሪ ክላስ እየሰጡሽ ነው።"

"አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ።"

"ሪስፔክት አለኝ እኮ። በት ላይክ፣ ልጅቷ መኪና ሊገጫት ነበር፣ አንቺ ስለ ኦምኒበስ ነው የምታወሪኝ።"

እውነቷን ነበር፣ ያበሳጨኝም እሱ ነው። ግን ምን ላድርግ? የያዙትን ነገር ከእጃቸው ነጥቄ ለልጅ ብሰጠው ጋሼን በአደባባይ እንደ መሳደብ ነው። በዚያ ላይ ነገሩ የእኔ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ ረቡዕ ረቡዕ ስለ ፌርማታው መጸለይ ተትቶ ደብዳቤው ቶሎ እንዲያልቅ ይጸለይ ጀምሯል። ልጄንም ሙሉ በሙሉ አላምናትም። አንድ ጊዜ ለጥርስ ሐኪም ጻፊልኝ ብያት "ሄይ" ብላ ነው የጀመረችው። ሐኪምን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ደብዳቤው አለቀ። ሁለት ገጽ፣ በእጅ የተጻፈ፣ አንድ ስርዝ የሌለበት። ጋሼ ቆመው አነበቡልኝ። ግማሹ አልገባኝም፣ ድምፁ ግን ያምር ነበር። ፈረምኩ። በኢሜል ይሂድ የሚለውን ልጃቸው አንስቶ ነበር፣ ጋሼ ዞር ብለው አላዩትም እንኳን። ቴምብር ተለጥፎ በፖስታ ተላከ፤ አንድ ቅጂ ለእኔ ተሰጠኝ። ደብዳቤው በመንገድ ላይ ሳለ ልጄ ስንት ጊዜ እንደተሻገረች አልነግራችሁም። እየቆጠርኩ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓርብ ቀን ቀድሜ ፌርማታው ላይ ደረስኩ። ቢጫው አውቶቡስ ቆመ፣ ልጆቹ ወረዱ፤ ከኋላቸው ሹፌሩ ራሱ ወረደ። ጥምጥም ያሰረ፣ ነጭ ጢም ያለው፣ ከሕንድ የመጣ ሰው ነው። ጓንቱን አወለቀና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። በእሱም እንግሊዝኛ በእኔም እንግሊዝኛ ተግባባን። ደብዳቤዬን ቢሮው አንብቦለታል። ይህን ሁሉ ዓመት ሲነዳ ስለ እሱ ደግ ነገር የጻፈ ሰው የለም። የመጀመሪያውን ገጽ ቅጂ ሰጥተውት ሚስቱ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች።

"ፌርማታውስ?" አልኩት።

"የትኛው ፌርማታ?" አለኝ።

ቤት ስገባ የቢሮው መልስ ሳጥን ውስጥ ነበር። ትልቋ አነበበችልኝ። ስለ መልካም ቃላትዎ ከልብ እናመሰግናለን፣ ለሠራተኛችንና ለአለቃው አድርሰናል ይላል። ሌላ የለም። ልጄ ቅጂውን ከመሳቢያ አወጣችና ሶፋው ላይ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አልሳቀችም።

"ማሚ፣ ፌርማታው ያለው ገጽ ሁለት ላይ ነው። ላስት ሴንተንስ።"

አስነበብኳት፣ አስተረጎምኳት። ከሰላምታው፣ ከምስጋናው፣ ከይቅርታውና ከጭንቀታሟ እናት በኋላ፣ ልክ ከፊርማዬ በላይ፣ ለክቡርነትዎ አታካች ካልሆነ ኦምኒበሱ እንደ ቀድሞው ከወዲህኛው ወገን ቢያርፍ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ፒክአፑ የለም። በረዶው የለም። የልጄ ዕድሜ የለም።

በጋሼ ልፈርድ አልቻልኩም። እኔም ሳዳምጥ ምንም የጎደለ አልመሰለኝም ነበር። እኛ ጋ ማመልከቻ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ሰውየውን ታከብራለህ፣ ስለ ድፍረትህ ይቅርታ ትላለህ፣ ጉዳይህን ከታች ታስቀምጣለህ። ተቀባዩም ያውቀዋል፤ ገና ወረቀቱን ሲይዝ ዓይኑ ወደ ታች ይወርዳል። እዚህ ያለው ሰው ከላይ ጀመረ፣ ምስጋና አገኘ፣ ደስ አለውና እዚያው ቆመ።

"ጻፊው" አልኳት።

"ኢሜል?"

"ኢሜል። ግን ሄይ እንዳትይ።"

አምስት መስመር ነው የጻፈችው። ፌርማታው ተዛውሯል፤ እህቴ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ባለፈው መኪና ሊገጫት ነበር፤ የበረዶው ክምር ይከልላታል፤ እባካችሁ በእኛ በኩል አውርዷት። እኔ አጠገቧ ቆሜ እንደምን አላችሁ የሚል ጨምሪ፣ ስላስቸገርናችሁ የሚል ጨምሪ እላለሁ። ስላስቸገርናችሁ የሚለውን አልጨምርም አለችኝ። "ማሚ፣ እኛ አላስቸገርናቸውም። ዘይ ዲድ።" በመጨረሻ ውድ ማለት በሆነው ዲር ተስማማንና ላከችው። በድስቱ የጣድኩት ውሃ ገና አልፈላም ነበር። ለስንት ሳምንት እየተሟገትኩ የተከላከልኩት ነገር ይህ መሆኑን ሳስብ ድስቱን ከነውሃው መወርወር አማረኝ።

በአራተኛው ቀን ከቢሮው ስልክ ተደወለ። ቀጥሎ አንድ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ የለበሰ ሰው መጥቶ በረዶው ክምር አጠገብ ቆመ፣ ጎንበስ ብሎ በልጅ ቁመት ወደ መንገዱ አየ፣ ፎቶ አነሳና ሄደ። ሰኞ ከሰዓት ቢጫው አውቶቡስ ማዶ አልቆመም። ዞሮ መጣና በእኛ በኩል አወረዳት።

ለጋሼ እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ሁለት እሑድ ከአምልኮ በኋላ በጎን በር ወጣሁ። በዕረፍቴ ቀን፣ ልክ የልጄ መምጫ ሰዓት ላይ መስኮት ሥር ቆሜ ሳለሁ ራሳቸው ደወሉ።

"መልስ መጣ ወይ የኔ ልጅ?"

"ፌርማታው ተመለሰ ጋሼ።"

"ተመስገን። ተመስገን።" በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ ድምፃቸው ሞቀ። የደብዳቤ ምስጢሩ አለመቸኮል ነው አሉኝ። አሁን ደግሞ ለአንዲት እህታችን ለሆስፒታል እየጻፉላት ነው። የቀዶ ሕክምናዋ ቀጠሮ ስለራቀባት እንዲያቀርቡላት ነው፤ በእኔው ደብዳቤ አምሳያ ጀምረውታል፤ ሰላምታው አልቋል፣ አሁን የሐኪሞቹ ምስጋና ላይ ናቸው።

ዝም ልል አስቤ ነበር። የእኔ ነገር አልቋል፣ ሽማግሌን ማሳፈር ምን ይጠቅማል ብዬ። ግን ያቺን እህት አውቃታለሁ፣ ደረጃ መውጣት አቅቷታል።

"ጋሼ፣ የእኛን አላነበቡትም።"

"ምኑን?"

"ጥያቄውን። ምስጋናውን አንብበው አመሰገኑ፤ እስከ ታች አልደረሱም። የተመለሰው ልጄ በኢሜል ስለላከችበት ነው።"

በስልኩ ውስጥ መዝገበ ቃላቱ ሲዘጋ የሰማሁ መሰለኝ።

"እስከ መጨረሻው ሳያነቡ መልስ ሰጡ?"

"አዎ ጋሼ።"

"ይኸማ ሊጻፍበት ይገባል።"

"ጋሼ!" ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። በሕይወቴ በእሳቸው ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ብቻ ነው። "አይጻፉባቸው። የእህታችንን ጥያቄ መጀመሪያው መስመር ላይ ያድርጉት። ሕመሟንም እዚያው።"

"ሰላምታ ሳይቀድም?"

"ሳይቀድም።"

መልስ ሳይሰጡኝ ቢጫው አውቶቡስ ታጥፎ መጣ። በሩ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ቦርሳው፣ ቀጥሎ እሷ። ጃኬቷን አልዘጋችም። የምትሻገረው መንገድ የለም፣ ግን ግራና ቀኝ አለማየቷ አናደደኝ፤ የመስኮቱን መስታወት አንኳኳሁ፣ አልሰማችኝም።

"ምን ሆነሻል?" አሉ ጋሼ።

"ልጄ እየመጣች ነው።"

"ገባች?"

"ገና ነው ጋሼ። ቆማ በረዶ እየረገጠች ነው።"

"እስክትገባ እጠብቃለሁ" አሉኝ።